ሳይነስ የሌለበት ማን አለ?

«ሳይነስ አለብኝ» ይላል ግንባሩን የሚያመው ሰው። ሳይነስ ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ በፊት አጥንቶች ውስጥ ያለ አየር የሞላበት ክፍተት ነው፤ ጤነኛውም አለው። (የግንባሩ ጨርሶ ያልተፈጠረላቸው ሰዎች መኖራቸው ሌላ ጉዳይ ነው።) ሕመሙ ሳይነሳይተስ ይባላል።

በላቲን «ሲኑስ» እጥፋት፣ ጉያ፣ ባሕረ ሰላጤም ነው። ሮማውያን በልብሳቸው እጥፋት ዕቃ ይይዙበት ስለነበር «የአየር ኪስ» ብንለው ከሥሩ አንርቅም።

«ኢንዶስኮፒ» የሚለው ቃል ትርጉምም እኛ ዘንድ ጠቧል፤ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ጨጓራን ነው። ግሪክኛው «ውስጥን ማየት» ይላል እንጂ አካል አይመርጥም። የግንባር ሳይነስ ሕመም ሥር ሰድዶ በመድኃኒት አልመለስ ሲል፣ ሐኪሙ ቀጭን ማያ በአፍንጫ አስገብቶ ከዓይንና ከአንጎል አጠገብ ያለውን ጠባብ መውረጃ ይከፍታል። ግንባር አይቀደድም።

አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዴቪድ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕክምናውን «ፈንክሽናል» አሉት። ይህን «ተግባራዊ» ማለት ያሳስታል። ዓላማው ኪሱን ጠርጎ ማውጣት ሳይሆን ንፍጡ በተፈጥሮ መንገዱ እንዲወርድ ማድረግ ነውና «ሥራ መላሽ» ይሻላል። እንግዲህ «ሥራ መላሽ የአየር ኪስ ቀዶ ሕክምና በማያ» ቢባል ይረዝማል፤ ታካሚው ግን ምን እንደሚደረግለት ይገባዋል።