በእራፊ የተጠቀለሉ እግሮች፦ የዛት አር-ሪቃዕ ጉዞና የአቡ ሙሳ ምስክርነት

የዛት አር-ሪቃዕ ዘመቻ በደርሶቻችን ውስጥ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚብራራው የሰላተል ኸውፍ ድንጋጌ ነው። ሰራዊቱ ሰላቱ ወደተሰገደበት ስፍራ እንዴት እንደ ደረሰ ብዙም አይወሳም። ይሁን እንጂ ዘመቻው መቼ እንደተካሄደ ለማወቅ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከዚያ የእግር ጉዞ፣ በተለይም ከአንድ ሰው የቆሰለ እግር ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸውን ይዘው የወጡት የገጠፋን ወገን ወደሆኑት ሙሓሪብና በኑ ሠዕለባ ነበር። ኢብን ሰዕድ የሰራዊቱን ቁጥር 400 ያደርሰዋል፤ 700 ነው መባሉንም ይጨምራል፤ ጉዞው 15 ሌሊት እንደፈጀም ይነግረናል። ከመዲና ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚረግጠው «ሐራ» የሚባለውን፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረውን ጥቁርና ስለታም ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ነጅድ ደግሞ ስሙ ራሱ ከፍ ያለ ምድር ማለት ነው። ጠላት ወደ ተራሮች አናት ሸሸ፤ ሁለቱ ወገኖች ተፈራሩ እንጂ አልተዋጉም። በመሆኑም የዚህ ዘመቻ ዋነኛ ፈተና መንገዱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ያወሩትና ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ሐዲስ ይህንን መንገድ ከእግር በታች ያሳየናል። ለስድስት ሰው የነበረው አንድ ግመል ነው፤ በየተራ ይፈናጠጡት ነበር። ተራው እኩል ከነበረ እያንዳንዱ ሰው ከስድስት እጅ አምስቱን በእግሩ ሄዷል ማለት ነው። የእግራቸው ቆዳ ሳስቶ ቆሰለ፤ የአቡ ሙሳ ጥፍሮች ወላለቁ፤ እግሮቻቸውን በእራፊ ጨርቅ ጠቀለሉ። «ሪቃዕ» እራፊ ነውና ዘመቻው በዚሁ ተጠራ ይላሉ። ስሙ ከተጣጣፉ ሰንደቆች፣ ከአንድ ዛፍ፣ ወይም ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ገጽታ ካለው ተራራ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን በቦታው የነበረና እግሩ የቆሰለ ሰው እየተናገረ ሌላውን ማስቀደም ለእኔ አይዋጥልኝም።

የዘመን ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። ኢብን ኢስሓቅ ዘመቻውን በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ኢብን ሰዕድ ደግሞ በ5ኛው ዓመት ሙሐረም ያስቀምጡታል። ኢማም አል-ቡኻሪ ግን ከኸይበር በኋላ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸውም አቡ ሙሳ የመጡት ከኸይበር በኋላ መሆኑ ነው። አቡ ሙሳ ከየመን ወደ መዲና ለመሰደድ ከሃምሳ ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር በመርከብ ተሳፍረው ሳለ፣ መርከቧ ወደ ነጃሺ ምድር፣ ወደ ሐበሻ አደረሰቻቸው። እዚያም ከጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ቆይተው መዲና የገቡት በ7ኛው ዓመት ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት መዲና ገና ያልገባ ሰው በነጅድ ድንጋይ ላይ ጥፍሩ ሊወልቅ አይችልም። በኸይበር ጊዜ የመጡት አቡ ሁረይራም (ረ.ዐ) በነጅድ ዘመቻ ሰላተል ኸውፍን መስገዳቸው ይህንኑ ያጠናክራል። ቡኻሪ እንዲህ ብለው ሲያበቁ ምዕራፉን ከኸይበር በፊት ማስቀመጣቸው ግን ሊቃውንትን ሲያነጋግር ኖሯል። በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ዘመቻዎች ናቸው የሚል ማስታረቂያም ቀርቧል። የሚቻል ነው፤ ሆኖም ለቀኑ መለያየት ብቻ ሲባል ዘመቻን ሁለት ማድረግ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ይመስለኛል።

በሚንበር ላይ ይህ ሐዲስ ሲነገር ብዙ ጊዜ ጥፍሮቹ ላይ ይቆማል። ዘገባው ግን ይቀጥላል። ከአባታቸው የሰሙት አቡ ቡርዳ እንደሚነግሩን፣ አቡ ሙሳ ይህን ካወሩ በኋላ ማውራታቸውን ጠሉት፤ ለአላህ ከሠሩት ሥራ አንዳች ነገር የገለጡ መስሏቸው ምን ሊያደርግልኝ አወሳሁት በሚል ስሜት ተጸጸቱ። ስለ ጦርነት ሽልማት ወይም ስለ ጀግንነት አልተናገሩም፤ ስለ ቁስልና ስለ ጨርቅ ነበር ያወሩት፤ ያም በዛባቸው። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ቡኻሪ ከሐበሻው መርከብ ጋር የሚያገናኙት ይህ እግር ባልነበራቸው ነበር።