ከመግቢያ ፈተና እስከ ሐኪሞች መዝገብ
የኤዲንብራ ሰባት ሴቶች የሕክምና ትምህርት ጥያቄ (1869–1877)

መግቢያ

ለወንዶች ብቻ የተለዩ ተደርገው ይቆጠሩ በነበሩ ሙያዎች ሴቶች የተሰማሩበት ታሪክ ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው የጥቂት ግለሰቦች ቆራጥነት ነው። ቆራጥነቱ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ወደ አንድ ሙያ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ በሮች አሉት። እነዚህም የመግቢያ ፈተና፣ የክፍል ትምህርት፣ የተግባር ልምምድ፣ የመጨረሻ ፈተናና የሥራ ፈቃድ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተዘጋ የሌሎቹ መከፈት ብቻውን ከግብ አያደርስም። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተፈጸመው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ ሁኔታ

በ1858 በብሪታንያ የወጣው የሕክምና ሕግ የሐኪሞች መዝገብ እንዲቋቋም አደረገ። በመዝገቡ ለመስፈር በአገሩ ከታወቀ ፈታኝ አካል የምስክር ወረቀት ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ሕጉ ሴቶችን በስም አልከለከለም፤ ነገር ግን ፈታኝ አካላቱና የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ሴቶችን አይቀበሉም ነበር። በ1849 በአሜሪካ የተመረቀችው ኤልሳቤጥ ብላክዌል በመዝገቡ ልትገባ የቻለችው ከሕጉ መውጣት በፊት በውጭ አገር ዲግሪ ይሠሩ ለነበሩ ሐኪሞች በተፈቀደው ልዩ ድንጋጌ ነው። ኤልሳቤጥ ጋሬት ደግሞ በግል አስተማሪዎች ተምራ በ1865 ከመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ፈቃድ አገኘች። ማኅበሩ ግን ወዲያውኑ ደንቡን አሻሽሎ በግል የተማረ ተፈታኝ እንዳይቀርብ ከለከለ። በዚህም አኳኋን እርስዋ ያለፈችበት ቀዳዳ ከኋላዋ ተደፈነ።

የመጀመሪያው በር መከፈት

በ1869 ሶፊያ ጄክስ ብሌክ የተባለች መምህርት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር አመለከተች። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጉባኤ ለአንዲት ሴት ብቻ የተለየ ዝግጅት ማድረግ አይቻልም በማለት ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። እርስዋም መልሱን እንደ መጨረሻ እምቢታ አልተቀበለችውም፤ የተሰጠው ምክንያት የቁጥር ማነስ ከሆነ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላልና። በጋዜጣ ባደረገችው ጥሪ መሠረት ኢዛቤል ቶርን፣ ኢዲት ፒቺ፣ ማቲልዳ ቻፕሊንና ሔለን ኢቫንስ ተባበሯት። ቆየት ብሎም ሜሪ አንደርሰንና ኤሚሊ ቦቬል ተጨምረው ሰባት ሆኑ።

በዚያው ዓመት በተሰጠው የመግቢያ ፈተና 152 ተፈታኞች ቀረቡ። ከእነዚህ መካከል ሴቶቹ አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ አራቱ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ደረጃዎች ውስጥ ገቡ። ዩኒቨርሲቲውም በብሪታንያ ሴቶችን በተማሪነት ለመመዝገብ የመጀመሪያው ሆነ።

በደንቡ ውስጥ የተደበቀው መሰናክል

ሴቶቹ የተመዘገቡበት ደንብ ግን በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው። በደንቡ መሠረት ሴቶች ከወንዶች ተለይተው በሌላ ክፍል ይማራሉ። መምህራን ሴቶችን እንዲያስተምሩ ይፈቀድላቸዋል እንጂ አይገደዱም። የተማሪዎቹ ቁጥር አነስተኛ ሲሆንም ከፍ ያለ የትምህርት ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ መመዝገብ ማለት መማር ማለት አልነበረም።

የዚህ ልዩነት ውጤት በ1870 የኬሚስትሪ ፈተና ታየ። ኢዲት ፒቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት ተማሪዎች ሁሉ የላቀ ውጤት አገኘች። ይህም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ ሙከራ በነጻ የመጠቀም መብት የሚያስገኘውን የሆፕ ሽልማት ሊያሰጣት ይገባ ነበር። ነገር ግን ፕሮፌሰር ክረም ብራውን ሴቶቹ በተለየ ሰዓት የተማሩ በመሆናቸው የመደበኛው ክፍል አባል አይደሉም በማለት ሽልማቱን ከእርስዋ በታች ውጤት ላመጡ ወንዶች ሰጠ። በተለየ ሰዓት እንዲማሩ ያዘዘው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ሆኖ ሳለ መለየታቸው መብታቸውን ማሳጫ ምክንያት ሆነ። የሚያስገርመው ደግሞ የሽልማቱ ገንዘብ መነሻ ነው። ፕሮፌሰር ሆፕ ከአርባ ዓመታት ያህል በፊት ለሴቶች ይሰጥ ከነበረው የኬሚስትሪ ገለጻ የተሰበሰበ ገንዘብ ነበር።

የሁከቱ ቀንና የተግባር ልምምድ ጥያቄ

በኅዳር ወር በ18ኛው ቀን 1870 ሴቶቹ ለአናቶሚ ፈተና ወደ ቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ ሲሄዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ መንገዱን ዘግቶ ጭቃ ወረወረባቸው፤ የግቢው በርም በፊታቸው ተዘጋ። ከውስጥ በተደረገላቸው እርዳታ ገብተው ፈተናቸውን በመውሰድ ላይ ሳሉ ሁከተኞቹ አንድ በግ ወደ ክፍሉ አስገቡ። መምህራቸው ዶክተር ሃንዲሳይድም ከላኩት ሰዎች ይልቅ በጉ የተሻለ ማስተዋል ስላለው እዚያው ይቆይ እንዳለ ይነገራል።

የድንጋጤው ጩኸት ቢበርድም ይበልጥ የከበደው ችግር የሆስፒታሉ ነበር። ሕክምና በክፍል ትምህርት ብቻ አይፈጸምም፤ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ መማርን ይጠይቃል። የሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል ሴቶቹን ለረጅም ጊዜ ካገደ በኋላ የፈቀደላቸው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። በመጨረሻም ሴቶቹ ጉዳያቸውን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። በ1872 ቢፈረድላቸውም በ1873 የበላዩ ፍርድ ቤት በድምፅ ብልጫ ፍርዱን ሻረው። ዩኒቨርሲቲው ከመነሻው ሴቶችን ለመቀበል ሥልጣን አልነበረውም ተባለ። የአራት ዓመት ትምህርታቸውም ያለ ዲግሪ ቀረ።

የተዘጉት በሮች በሙሉ የተከፈቱበት ሂደት

ጄክስ ብሌክ ከዚህ በኋላ የተጓዘችበት መንገድ ከኤዲንብራው ተሞክሮ የተማረችውን ያሳያል። በ1874 በተባባሪዎቿ እርዳታ በለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረገች። ትምህርት ቤት ብቻውን ግን አልበቃም። በ1876 በራስል ገርኒ አቅራቢነት የወጣው ሕግ ፈታኝ አካላት ሴቶችን እንዲፈትኑ ፈቀደ። ይህም ቢሆን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አልነበረም። የአየርላንድ የሐኪሞች ኮሌጅ ሴቶችን ለመፈተን ተስማማ፤ በ1877 የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ በሩን ከፈተ። ትምህርት፣ ልምምድ፣ ፈተናና መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያያዙት በዚህ ጊዜ ነው። ጄክስ ብሌክና ፒቺም በዚያው ዓመት ፈተናውን አልፈው በሐኪሞች መዝገብ ሰፈሩ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ የሕክምና ዲግሪውን ለሴቶች የከፈተው በ1894 ሲሆን፣ ለሰባቱ ሴቶች የክብር ዲግሪ የሰጠው ሁሉም ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ በ2019 ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ መረዳት የሚቻለው፣ ሴቶችን ከአንድ ሙያ ለማስቀረት ግልጽ ክልከላ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ነው። «ይፈቀዳል» የሚል ቃል፣ የተለየ የክፍል ሰዓት ወይም የልምምድ ቦታ አለመኖር ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል። ስለሆነም ሴት ተማሪዎች በቴክኒክና በሳይንስ ትምህርት ያላቸውን ተሳትፎ ለመገመት የሚፈልግ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ወይም የትምህርት ቤት ኃላፊ የምዝገባውን ቁጥር በመቁጠር ብቻ መርካት አይገባውም። በወርክሾፑ መሣሪያውን በእጃቸው የሚይዙት፣ ለልምምድ የሚላኩት፣ ለመጨረሻው ፈተና የሚቀርቡትና በተማሩት ሙያ ተቀጥረው የሚሠሩት ምን ያህሉ እንደሆኑ ደረጃ በደረጃ ሊከታተል ይገባዋል። በአንደኛው ደረጃ ቁጥሩ በድንገት አሽቆልቁሎ ከተገኘ፣ መመርመር ያለበት የልጃገረዶቹ ችሎታ ሳይሆን በዚያ ደረጃ የሚሠራበት ደንብና አሠራር ነው።