«ቅዱስ» የሚለው ቃል፦ በቁርኣን እና በአማርኛችን

በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ከተማሪዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነበር፦ «ቅዱስ ቁርኣን» ማለት ይቻላል? ወይስ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ነው?

ቃሉ የአንድ ወገን ንብረት አይደለም። የዐረብኛው «ቀደሰ» እና የግዕዙ «ቀደሰ» ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ናቸው፤ ዕብራይስጥም ይጋራቸዋል። በዐረብኛ የሥሩ ዋና ትርጉም መጥራት፣ መንጻት ነው። በቁርኣን ውስጥ ይህ ሥር በተለያየ መልኩ አስር ጊዜ መጥቷል። ከሁሉ የሚልቀው «አል-ቁዱስ» የሚለው የአላህ (ሱ.ወ) ስም ነው፤ ከነውር፣ ከጉድለትና ከአምሳያ ሁሉ የጠራ ማለት ነው። በሱረቱል ሐሽር 23 እና በሱረቱል ጁሙዓ 1 ላይ «አል-መሊክ» ከሚለው ስም ቀጥሎ እናገኘዋለን። ንጉሥ ሲባል ግፍና አድልዎ ትዝ ለሚለው ሰው ይህ አቀማመጥ ብዙ ይናገራል። ከዊትር ሰላት በኋላ ሶስት ጊዜ በሚባለው ዚክርም ሁለቱ ስሞች አብረው ይወሳሉ።

ቦታም በዚህ ቃል ተገልጿል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ጫማቸውን እንዲያወልቁ የታዘዙበት የጡዋ ሸለቆ «ሙቀደስ» ተብሏል (ጣሀ 12)። በይቱል መቅዲስም ስሟ ከዚሁ ሥር ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው «ሩሑል ቁዱስ» ነው። በአማርኛ «መንፈስ ቅዱስ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚረዳው የክርስትናን የሥላሴ ትምህርት ነው። በእኛ ዘንድ ግን፣ አብዛኞቹ ሙፈሲሮች እንደሚሉት፣ ሩሑል ቁዱስ መልአኩ ጂብሪል (ዐ.ሰ) ነው። በሱረቱ ነሕል 102 ላይ ቁርኣንን ያወረደው እርሱ መሆኑ ተነግሯል። ስለዚህ ስንተረጉም «ጂብሪል» ብለን ካላብራራን አንባቢው ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቁርኣን ራሱን «ከሪም»፣ «መጂድ»፣ «ሐኪም»፣ «ሙባረክ» ይላል እንጂ «ሙቀደስ» አላለም። በእኛ እይታ «የተከበረው ቁርኣን» ማለት ለዚህ የቀረበ ነው። ሆኖም የጠራ የአላህ ቃል መሆኑን አስቦ «ቅዱስ ቁርኣን» የሚልን ሰው የምናወግዝበት ምክንያት የለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ ትርጉም እንኳ በዚሁ ስም ነው የሚታወቀው።

ሰውን «ቅዱስ» ብሎ መጥራት ግን ሌላ ነው። ሷሊሕ ሰዎችን እንወዳለን፣ ዱዓ እናደርግላቸዋለን፤ ነገር ግን ስለ ማንም ውስጣዊ ጥራት መመስከር የእኛ ድርሻ አይደለም። በሱረቱ ነጅም 32 ነፍሳችንን እንዳናጠራ ተከልክለናል፤ ማን ፈሪሃ አላህ እንዳለው ዐዋቂው እርሱ ነውና።

«ሐዲሥ ቁድሲይ» የሚለውንም አንዳንዱ ሰው ከሌላው ሐዲሥ ይልቅ ትክክለኛ ለማለት የተሰጠ ስም ይመስለዋል። አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጌታቸው አስጠግተው የተናገሩት ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። ሰነዱ እንደማንኛውም ሐዲሥ ይመረመራል፤ ደዒፍም ሊሆን ይችላል። በሰላት ውስጥም በቁርኣን ቦታ አይቀራም።