በሥነ ልቦና ጉዳት፣ በሱስና በትዳር ችግር ላይ የሚሰጥ የምክር አገልግሎት

የምክር አገልግሎት በአእምሮ ጤና ዘርፍ የሠለጠነ ባለሙያ ከተገልጋይ ጋር በተከታታይ ቀጠሮ በመነጋገር የሚሰጠው ሕክምና ነው። «ምክር» የሚለው ቃል ባለሙያውን ከሽማግሌ ወይም ከነፍስ አባት ጋር ያመሳስለዋል፤ ሥራው ግን ይለያል። ባለሙያው አይፈርድም፣ አይገዝትም፣ ተገልጋዩ ምን ማድረግ እንዳለበትም አይወስንለትም። ችግሩ ከምን እንደተነሣና ምን እንደሚያባብሰው ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ከተገልጋዩ ጋር የሕክምና ዕቅድ ያወጣል። ለአንዱ የጠቀመ አካሄድ ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ዕቅዱ እንደየሰው ይለያያል።

ለምሳሌ በዘመሮ ከተማ ወይም በዙሪያው ባሉ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖር አንድ አባወራ በጦርነት ወቅት ያየው ነገር ሌሊት እየተመለሰበት እንቅልፍ ይነሣዋል እንበል። ለመተኛት ሲል ማታ ማታ አረቄ ይጀምራል፤ መጠጡ እየጨመረ ሲሄድም በቤት ውስጥ ጠብ ይበረታል። ወደ ጤና ጣቢያ ቀድማ የምትመጣው ባለቤቱ ልትሆን ትችላለች፤ የምትናገረውም ስለ ራስ ምታትና ስለ ልብ ምት እንጂ ስለ ትዳሯ ላይሆን ይችላል። ባለሙያው መጠጡን ብቻ ቢያክም እንቅልፍ ማጣቱ ሰውየውን ወደ መጠጥ ይመልሰዋል። ጠቡን ብቻ ለማብረድ ቢሞክር ደግሞ ዕርቁ ከሚቀጥለው ስካር አያልፍም። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ዋና ጥያቄ፣ ሕይወትን ይበልጥ የሚያሰጋው የትኛው ነው የሚለው ነው።

የአልኮል ሱስ

ጠላና አረቄ ከማኅበር፣ ከተዝካርና ከሠርግ ስለማይለዩ፣ መጠጣት ወደ ሱስ የሚሻገርበት ጊዜ በቀላሉ አይታወቅም። ባለሙያው ስለ መጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ ተገልጋዩ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ለማቆም ሞክሮ አቅቶት እንደሆነና በመጠጥ ምክንያት የቀረበት ሥራ እንዳለ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ ለዚሁ ያገለግላል።

ቤተሰብ አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በስለት፣ በመሐላ ወይም በዘመድ ግፊት በአንድ ቀን ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መንቀጥቀጥና ላብ ካቆመ ከሰዓታት በኋላ ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊከሠት ይችላል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ገደማ ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተሉ ይችላሉ። ይህ ሁኔታ እንደ ልክፍት ሲቆጠር ሕክምናው ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን ማቆም ያለበት በጤና ባለሙያ ክትትል፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዘ ነው፤ ሰፊው የምክር አገልግሎትም የሚቀጥለው ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

የሥነ ልቦና ጉዳት

ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና መደንገጥ የሚጠበቅ ነው፤ በብዙዎችም ላይ በጊዜ ይቀንሳል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራን ወይም ኑሮን ካስተጓጎለ ግን ባለሙያ ማየት ይገባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ አንድ ቀንም መጠበቅ አያስፈልግም። ተገልጋዩ የደረሰበትን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንዲተርክ አይገደድም። ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ሲሆን ባለሙያው ከትዝታው በፊት ስለ መጠለያው፣ ስለ ምግቡና አብረውት ስላሉት ሰዎች ይጠይቃል፤ አደጋው ገና ላላለፈለት ሰው ያለፈውን መቀስቀስ አይጠቅመውምና።

የትዳር ችግር

ባልና ሚስት አስቀድመው ለየብቻቸው ይነጋገራሉ። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ የጋራ ምክር አይሰጥም፤ በባለሙያው ፊት የተነገረ እውነት ቤት ሲገባ ለሌላ ጥቃት ምክንያት ሊሆን ይችላልና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በወንጀል ያስጠይቃል። የሽምግልና ዕርቅም ተበዳይዋ ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዳታመለክት አይከለክላትም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የመጀመሪያው ደረጃ በአቅራቢያ ያለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘጋጀው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ጀምሮ እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ችግር ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በአካባቢው የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ሆስፒታሎች ሲገኙ፣ ከዚያ በላይ ደብረ ብርሃን፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

ተገልጋዩ የሚናገረው በምስጢር ይያዛል፤ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ግን ባለሙያው የሚመለከተውን አካል ሊያሳውቅ ይችላል። ጠበል የሚጠመቁ ተገልጋዮች የታዘዘላቸውን መድኃኒት ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መከታተል የሚቻል በመሆኑ ለባለሙያው በግልጽ መንገር ይበቃል።