ዱባይ ላይ ለማከራየት ቤት ሊገዙ ነው? መጀመሪያ የኪራይ ሕጉን ይወቁ

«ዱባይ አፓርታማ ገዝቼ ባከራይ ያዋጣኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰናል። ጉዳዩ የዓመታት ጥሪት ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ሕጎች ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 የውጭ ዜጋ መግዛት ይችላል?

አዎ፤ ግን የትም ቦታ አይደለም። በ2006 የወጣው ሕግ ቁጥር 7 የውጭ ዜጋ በሙሉ ባለቤትነት እንዲገዛ የሚፈቅደው ለዚሁ በተለዩ አካባቢዎች ነው። ዱባይ ማሪናና ዳውንታውን ከነዚህ መካከል ናቸው። ስም ሲዛወር ለከተማዋ የመሬት መሥሪያ ቤት የቤቱ ዋጋ 4 በመቶ ይከፈላል። የደላላና በየዓመቱ የሚከፈል የሕንፃ አገልግሎት ወጪም አለ።

🔹 ተከራይ ያለበት ቤት ብገዛስ?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቤቱ ተሸጠ ማለት ውሉ ፈረሰ ማለት አይደለም። ተከራዩ ከነውሉ ወደ እርስዎ ይተላለፋል።

«ራሴ ልኖርበት ነው» ቢሉም በኖተሪ ወይም በአደራ ፖስታ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብዎት። በዋትስአፕ «ልቀቅልኝ» ማለት አይሠራም። በዚህ ምክንያት ካስወጡት በኋላ ደግሞ መኖሪያ ቤቱን ለ2 ዓመት ለሌላ ሰው ማከራየት አይችሉም። በውሉ ዘመን ማስወጣት የሚቻለው እንደ ኪራይ አለመክፈል ባሉ ጥፋቶች ነው፤ እሱም ቢሆን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይቀድመዋል።

🔹 ኪራዩን እንደፈለግኩ መጨመር እችላለሁ?

አይችሉም። በ2013 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 43 ጭማሪውን በአካባቢው ተመሳሳይ ቤቶች አማካይ ኪራይ ይለካዋል፦

▪️ ከአማካዩ እስከ 10 በመቶ ያነሰ ከሆነ፦ ጭማሪ የለም
▪️ ከ11 እስከ 20 በመቶ ያነሰ፦ እስከ 5 በመቶ
▪️ ከ21 እስከ 30 በመቶ ያነሰ፦ እስከ 10 በመቶ
▪️ ከ31 እስከ 40 በመቶ ያነሰ፦ እስከ 15 በመቶ
▪️ ከ40 በመቶ በላይ ያነሰ፦ እስከ 20 በመቶ

ጭማሪው የሚደረገው ውል ሲታደስ ሲሆን፣ ውሉ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። 1 ሚሊዮን ድርሃም በሚሸጥ ቤት ውስጥ ያለው ተከራይ በዓመት 60 ሺህ ይከፍላል፤ አማካዩ ግን 80 ሺህ ነው እንበል። ልዩነቱ 25 በመቶ ስለሆነ መጨመር የሚችሉት 10 በመቶ ብቻ ነው፤ ማለትም 66 ሺህ። 80 ሺህ አገኛለሁ ብሎ ብድር የገባ ሰው በዚያ ዓመት 14 ሺህ ድርሃም ይጎድልበታል።

🔹 ውሉስ?

የኪራይ ውል «ኢጃሪ» በሚባለው ሥርዓት ይመዘገባል፤ ቃሉ በዐረብኛ «ኪራዬ» ማለት ነው። ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው የኪራይ አለመግባባቶች ማዕከል ነው። ለእንግዶች በቀን ሒሳብ ማከራየት ደግሞ ከከተማዋ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

📌 ስለዚህ ሻጩ ወይም ደላላው «ገበያው 80 ሺህ ነው» ሲልዎት፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት «የኢጃሪ ወረቀቱን አሳየኝ» ይበሉ። እጅዎ የሚገባው ገበያው የሚያወራው ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ኪራይ ነው።

ለመግዛት ያሰበ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለዎት ያጋሩት።