የሙያ ማኅበርና የትምህርት ፖሊሲ፦ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ልምድ

የሙያ ማኅበር ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት። አንደኛው የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙያው ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲሻሻል በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ምክር ማቅረብ ነው። ሁለቱ የተነጣጠሉ እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ ወይ ደመወዝ ጠያቂ ብቻ፣ ወይ የመንግሥት መመሪያ አስተላላፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። መነሻው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ስብስብ ሲሆን፣ ይኸው ሰፍቶ የከተማዪቱን መምህራን አቀፈ። ወቅቱ በጠላት ወረራ ጊዜ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ካለቁ በኋላ የትምህርት ሥራ እንደ አዲስ የሚደራጅበት ነበር። ትምህርት ቤቶች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየተስፋፉ በሄዱ መጠን የመምህሩም ችግር አገር አቀፍ መልክ ያዘ። በመሆኑም ማኅበሩ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ እንደገና ተደራጀ።

በዚሁ ዘመን፣ መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ስለ መምህራን ደረጃ የወጣው የዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት የጋራ ምክረ ሐሳብ በፓሪስ ጸደቀ። ሰነዱ የመምህራን ማኅበራት የትምህርት ፖሊሲ ሲወጠን ተካፋይ እንዲሆኑ ያሳስባል።

ይሁን እንጂ በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በዚህ መንገድ አልተሠራም። ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት አንድ አምስተኛው እንኳ ትምህርት ቤት አልገባምና። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ለብዙኀኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስና የከፍተኛ ደረጃዎችን ዕድገት መግታት ነበር። ጥናቱን ያካሄዱት ግን የሚኒስቴሩ፣ የዩኒቨርሲቲውና የውጭ ድርጅቶች ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ማኅበሩ አልተማከረም። ውጤቱ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ወላጆች የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተዘጋጀ ዕቅድ ነው ብለው ተቆጡ፤ መምህራንም ሥራቸው ከብዶ ገቢያቸው ይቀንሳል ብለው ሠጉ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ በማቆማቸው ተቃውሞው ተባባሰ። ብዙ ሳይቆይ የጥናቱ አፈጻጸም ታገደ፤ በዚያው ወር የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ።

ከዚህ ላይ መታየት ያለበት፣ በጉባኤ ሊነገር ይገባ የነበረው ቃል በአደባባይ መነገሩ ነው። ማኅበሩ ዕቅዱን ለማስቆም ኀይል አግኝቷል፤ ለማሻሻል ግን ዕድል አላገኘም። ትምህርት ያላገኙት የገጠር ሕፃናት ጉዳይም በእንጥልጥል ቀረ።

በደርግ ዘመን ማኅበሩ ነፃነቱን አጥቶ በሥርዓቱ ቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ብዙ መምህራንም በቀይ ሽብር ሕይወታቸውን አጡ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስም ይጠሩ ጀመር። የአንደኛው ወገን ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የአመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የስሙና የንብረቱ ክርክር በ2000 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ውሳኔ ለሌላው ወገን ጸና። በእነዚህ ዓመታት የማኅበሩ ጉልበት ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ መምህራን ሥልጠና ከመምከር ይልቅ በሕልውና ክርክር ላይ ዋለ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማኅበር ሙያውን የሚያገለግለው ምክሩ ከውሳኔ በፊት ሲጠየቅ፣ ሲቃወምም እንደ ጠላት ሳይቆጠር ሲቀር ነው። መምህሩ ያልመከረበትን ዕቅድ በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚፈጽመው ያው መምህር ነውና።