ኮከብ 855 መሰላል

መንግሥት ለተቸገረ ሰው ብር ልስጥ ሲል ከባዱ ነገር ብሩን ማግኘት ይመስለናል። ብዙም የማይወራለት ሌላ ጣጣ አለ፦ የተቸገረው ማን ነው? የት ነው ያለው? ብሩስ በምን በኩል እጁ ይግባ? ኮሮና በ2020 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዓለምን ሲዘጋ ብዙ አገሮች የተደናበሩት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ቶጎ የመለሰችበት መንገድ ግን ልብ ብሎ ለሚያየው ብዙ ያስተምራል።

ቶጎ በጋናና በቤኒን መሀል የተሰነቀረች፣ ያኔ 8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት ቀጭን አገር ናት። የመጀመሪያዋ የኮሮና ታማሚ የተገኘችው ማርች 6 ነበር። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የሰዓት እላፊ መጣ። ዋና ከተማዋን ሎሜን አስቡት፦ ዜሚጃን የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጸጉር ሠሪዎች፣ ገበያ ላይ የሚቸረችሩ እናቶች። ዛሬ ካልወጡ ዛሬ አይበሉም። ቤት ተቀመጡ ማለት ለነሱ ጦም እደሩ ማለት ነው። ደግሞ አብዛኞቹ ደመወዝተኛ ስላልሆኑ በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ የሉም።

ኤፕሪል 8 ቀን «ኖቪሲ» ተጀመረ። ቃሉ የኤዌ ቋንቋ ነው፤ መተጋገዝ እንደማለት። ሥራውን የመራችው የዲጂታል ኢኮኖሚ ሚኒስትሯ ሲና ላውሰን ነበረች። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ከማንኛውም ስልክ *855# ትደውላለህ፣ የመራጭነት ካርድህን ቁጥር ታስገባለህ፣ መስፈርቱን ካሟላህ ብሩ እዚያው ስልክህ ላይ ባለው የሞባይል ገንዘብ ይገባል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስማርት ስልክም አያስፈልግም። እኛም ቴሌብርን በ*127# የምንጠቀም ሰዎች ነገሩ አይጠፋንም።

ለወንድ በወር 10,500 ሴፋ ፍራንክ፣ ለሴት 12,250 ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሹ ይላካል። ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ 30 እና 35 በመቶ መሆኑ ነው። ለሴቶቹ የበለጠው የቤቱን ምግብ የሚያበስሉትና የሚያሟሉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው ተብሎ ነው። ክፍያው ለአባወራው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ስለሆነ የሚስት ብር በሚስት ስልክ ነው የሚገባው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ሶፍትዌር ለሚጽፍ ሰው እንደኔ ትኩረት የሚስበው ከጀርባ ያለው መረጃ ነው። ቶጎ የድሆች መዝገብ አልነበራትም። የነበራት ለፌብሯሪ 2020ው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የታደሰ፣ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ያሉበት የመራጮች መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ስም፣ መኖሪያ ቦታና ሥራ ተጽፏል። ሥርዓቱም ሥራህን አይቶ «ኢ-መደበኛ ነው፣ ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ይላል። እንግዲህ አስቡት፦ ለምርጫ ሲመዘገብ አንድ ሰው «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት በግዴለሽነት ያስጻፈው ቃል ከወራት በኋላ እራቱን ወሰነለት። ያልተመዘገበው ደግሞ ከነጭራሹ የለም። መዝገብ ለአንድ ዓላማ ተሠርቶ ለሌላ ሲውል ቀዳዳውንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ያም ሆኖ ከ800 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ብር ደረሳቸው። ቀጣዩ ጥያቄ ገጠሩ ሆነ። የገጠሩን ሕዝብ በሥራ ዓይነት መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ገበሬ ነው። ስለዚህ መንግሥት ጊቭዳይሬክትሊ ከተባለው ድርጅትና በርክሌይ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነ። መጀመሪያ በሳተላይት ፎቶ እየታገዙ 100 በጣም ድሃ ካንቶኖችን ለዩ። ከዚያ በስልክ የተደረገ የኑሮ መጠይቅን ከስልክ አጠቃቀም ጋር አያይዘው ሞዴል አሠለጠኑ፦ ስንት ጊዜ ይደውላል፣ መቼ ይደውላል፣ የመሳሰሉት። ማሽኑ በቀን ከ1.25 ዶላር በታች ያጠፋል ብሎ የገመተው ሰው ይከፈለዋል።

ውጤቱ በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። መንገዱ «እዚህ አካባቢ ላለ ሁሉ» ብሎ ከመስጠት የተሻለ ነው፤ የሚያስቀራቸው ድሆች ያንሳሉ። የተሟላ የማኅበራዊ ድጋፍ መዝገብ ቢኖር ግን እሱ ይበልጠው ነበር። ቶጎ ያ መዝገብ ስላልነበራት ባላት ነገር ሮጠች። በዚያ ሰዓት ፍጹም የሆነውን መጠበቅ ራሱ ሰው ማስራብ ነበር።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ከ2005 ጀምሮ ባለው የገጠር ሴፍቲኔት ማን ይታቀፍ የሚለውን የሚለየው የአካባቢው ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ነው። አድልዎ አያጣውም፤ ዘመድና ወዳጅ ይገባበታል። ግን የቀረ ሰው ደጃፉ ሄዶ «እኔን ለምን ተዋችሁኝ?» ይላል። ሞዴሉ «አይገባህም» ሲል ግን ምክንያቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ድምር ነው። ካርድ የሞላላት ከተማ ያለው ልጇ ስለሆነ ብቻ ሀብታም የመሰለች አሮጊት ብትኖር ማንን ትክሰስ?

አሁን እኛም ቴሌብር አለን፣ ፋይዳ አለን። ቀጣዩ ክፉ ቀን ሲመጣ ብር በስልክ መላክ አያቅተንም፤ ያ የምህንድስናው ክፍል ነው፣ ቶጎዎች በቀናት ውስጥ ሠርተውታል። የሚቀረው መዝገቡ ላይ የሌለችው ሴት የምትደውልበት ቁጥርና ስልኩን አንስቶ የሚያዳምጣት ሰው ነው። እሱን ደግሞ ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ መሥራት አይቻልም።